ዕድሜን ስለ መቀነስና ጉልበትን ስለ መበደር

ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ታሪክ በኦሪት ዘፍጥረት ይገኛል። ያዕቆብ የወንድሙን የዔሳውን ልብስ ለብሶ፥ በእጁና በአንገቱ ላይ የፍየል ጠቦት ቆዳ አድርጎ፥ ዓይኑ ወደ ፈዘዘው ወደ አባቱ ወደ ይስሐቅ ገባና በኵሩ እኔ ነኝ አለ። ሽማግሌው ድምፁ ቢያጠራጥረው እጁን ዳሰሰው፤ እጁ ጠጕራም ነበረና ተታልሎ ባረከው። ይህን ታሪክ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንማር መምህራችን ስለ በረከቱ ብዙ ነገሩን፤ ስለ ውሸቱ ግን ቸኵለው አለፉት። እኔም በተራዬ መምህር ሆኜ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳስተምር እንዲሁ ቸኵዬ አለፍሁት። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ በሳንሱሲ ስቀመጥ፥ ያዕቆብ የዋሸው ስለ ልደቱ ተራ መሆኑ ጎልቶ ይታየኛል። ታናሹ ታላቅ ነኝ አለ። በእኛ ዘመን ደግሞ ታላቁ ታናሽ ነኝ ይላል።

የምናገረው ስለ እግር ኳስ ነው። አንባቢ ሆይ፥ ስለ ምግባር በሚናገር መጽሐፍ ኳስ ምን አገባው ብለህ ገጹን አትለፈው። የወጣቱን ልብ ዛሬ የሚገዛው ስብከት አይደለም፥ ትምህርትም አይደለም፤ ኳስ ነው። ልጅ ውሸትን ከየት እንደሚማር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፥ ልጁ ወድዶ ወደሚውልበት ቦታ ሄዶ ማየት ይገባዋል።

ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሰፈራችን ስሟ እንደ ፈረንሳይኛ ቢሰማ «ያለ ጭንቀት» ማለት ይሆናል። (የተማርናት ፈረንሳይኛ ለዚህ ያህል እንኳ ትጠቅማለች።) ነገር ግን ቅዳሜ ጠዋት በሜዳ ዳር ቆሞ ልጁን የሚመለከት አባት ያለ ጭንቀት አይደለም። ልጁ መጀመሪያ «ፕሮጀክት» በሚባለው የሰፈር ልምምድ ይገባል። ከዚያ መልማይ አይቶት ለአንድ ክለብ ከ17 ዓመት በታች ቡድን፥ ከዚያም ለተስፋ ቡድን፥ በመጨረሻም ለዋናው ቡድን ይደርሳል ተብሎ ይታሰባል። መንገዱ ሲነገር ቀና ነው። ይሁን እንጂ በአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች መካከል አንድ የሃያ ዓመት ጐልማሳ ጢሙን ተላጭቶ ይገባና መንገዱን ይዘጋዋል።

ይህ ሊሆን የቻለው ልደታችን ሳይጻፍ ስለ ኖረ ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት መዝገብ በዝርዝር ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን ያው ሕግ በመጨረሻው ክፍል እነዚያ ድንጋጌዎች ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ እንዳይሠሩ አገዳቸው። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ ምዝገባው በ2008 ዓ.ም ማብቂያ በአገር አቀፍ ደረጃ እስኪጀመር ድረስ ሕጉ ከሃምሳ ዓመት በላይ ተኛ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ዛሬ ከ17 ዓመት በታች ነኝ እያለ የሚሰለፈው ልጅ ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት የተወለደ ነው። እናቱ የምታስታውሰው የጥምቀት ማግስት እንደ ሆነ ወይም ክረምቱ የከበደበት ዓመት እንደ ሆነ ነው። በዚህም ላይ የዘመን አቈጣጠራችን ይጨመርበታል፤ ከእኛ ወደ ፈረንጁ ሲለወጥ 7 ወይም 8 ዓመት ይደመራል፤ የተደመረውን እንደ ገና የደመረበት ጸሐፊ ግን ልጁን በአንድ መስመር ሰባት ዓመት ያሳንሰዋል። በስሕተት የሚያደርገው አለ፤ አውቆ የሚሳሳትም አለ።

ታዲያ መዝገብ በሌለበት አገር ዕድሜን የሚያጸድቀው ማን ነው? የቀበሌ ጸሐፊና መምህር ነው። እዚህ ላይ ሌላውን ከመክሰሴ በፊት የራሴን መናገር አለብኝ። እኔ ራሴ ጽፌአለሁ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአንድ ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህር ነበርሁ። አንድ የሰፈር አሠልጣኝ አንድ ልጅ ይዞ መጣ። ልጁን አስተምሬዋለሁ፤ መዝገባችን እንደሚለው 19 ዓመቱ ነበር። አሠልጣኙ የሚፈልገው 15 ዓመቱ ነው የሚል ደብዳቤ ነው። አባቱ ሞቶ እናቱ እንጀራ እየሸጠች የምታሳድገው ልጅ ነበርና፥ ድሃ ነው፥ ይብላበት አልሁ። ጻፍሁ፤ ማኅተም መታሁ፤ ገንዘብም አልተቀበልሁም። ገንዘብ አለመቀበሌ ለብዙ ዘመን ሕሊናዬን አስተኝቶልኛል።

ክለቡ በዚያ ቀን ከሰፈራችን የሚወስደው አንድ የመሐል ተጫዋች ብቻ ነበር። ከሚሞከሩት ውስጥ አንድ ሌላ ልጅ ነበረ፤ እውነተኛ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፥ ቀጭን፥ ታኬታው የታላቅ ወንድሙ ስለ ነበረች ጫፏ ላይ ጨርቅ የጐሰጐሰባት። ኳስ ከመምጣቷ በፊት ወዴት እንደሚሰጣት አስቦ የሚጨርስ ልጅ ነበር። ነገር ግን ትከሻ ለትከሻ ሲጋጠሙ ወደቀ፤ ሁለተኛ ሲጋጠሙም ወደቀ። መልማዩ ጉልበት ይጐድለዋል ብሎ ሰረዘው። ጉልበት የጐደለው አራት ዓመት ስለ ጐደለው መሆኑን በዚያ ሜዳ ላይ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ዝም አልሁ። ያ ልጅ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አሳፍሮኝ ይሄዳል፤ አስተምረውኛል እያለ ሒሳብ አይቀበለኝም። ምን እንደ ወሰድሁበት አያውቅም።

ስለዚህ «ማንን ጐዳ?» የሚለውን ጥያቄ ስሰማ ትዕግሥት ያጥረኛል። ዕድሜ የሚቀንስ ሰው መንግሥትን ወይም ፌዴሬሽንን ያታለለ ይመስለዋል። የሚሰርቀው ግን በስም የሚታወቅ የአንድ ልጅ ቦታ ነው። የተሰረቀውም ልጅ መሰረቁን ስለማያውቅ አይጮኽም፤ ራሱን ሰነፍ ነኝ እያለ ያድጋል።

የዓለም የእግር ኳስ ማኅበር፥ ፊፋ፥ ይህን ነገር ለማጣራት እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ላይ በተደረገው ከ17 ዓመት በታች ዋንጫ የእጅ አንጓን በኤም.አር.አይ መሣሪያ ማንሣት ጀመረ። ሥራው እንዲህ ነው፤ በክንድ አጥንት ጫፍ፥ ከእጅ መዳፍ በላይ፥ አጥንት የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል አለ፤ ሰው እድገቱን ሲጨርስ ይህ ክፍል ፈጽሞ ይዘጋል። ሐኪሞች መዘጋቱን በስድስት ደረጃ ከፍለው ያዩታል፤ ስድስተኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ልጅ 17 ዓመት ያልሞላው ሊሆን የሚችለው ከመቶ አንድ እንኳ በማይሞላ አጋጣሚ ነው። ይስሐቅ የዳሰሰው ቆዳውን ነበር፤ ይህ መሣሪያ ከቆዳው በታች ይዳስሳል። እርግጥ ነው፥ የትውልድ ቀን አይናገርም፤ አጥንቱ ገና ያልተዘጋለት የ18 ዓመት ልጅም ያልፈዋል። ቢሆንም ብዙ ሰው አጋልጧል። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የካሜሩን ፌዴሬሽን ከ17 ዓመት በታች ቡድኑን ሲመረምር ከ30 ተጫዋቾች 21ዱ ወደቁ። ከዚያ ቀደም ብሎ፥ መሣሪያው ሳይኖር፥ እ.ኤ.አ. በ1989 ፊፋ የናይጄሪያን የወጣት ቡድኖች የተጫዋቾቹ የልደት ቀን ከወረቀት ወረቀት ተለያይቶ በመገኘቱ ለሁለት ዓመት አግዷቸዋል፤ ናይጄሪያም በ1991 ልታዘጋጀው የነበረውን የወጣቶች የዓለም ዋንጫ አጣች።

እኛ ኢትዮጵያውያንም ወረቀትን መናቅ ምን እንደሚያስከፍል በሌላ መንገድ ቀምሰነዋል። በ2005 ዓ.ም ሰኔ ላይ ብሔራዊ ቡድናችን ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ አዲስ አበባ በደስታ ስትናወጥ፥ በዚያው ሰሞን በቦትስዋና ላይ ቅጣት ያለበት ተጫዋች ማሰለፋችን ተሰማ፤ ሦስት ነጥብም ተቀነሰብን። ያ የማጭበርበር ነገር አልነበረም፤ ቢጫ ካርድ ቆጥሮ የመያዝ ጕድለት ነበር። ለአንድ ቢጫ ካርድ ይህን ያህል ከከፈልን፥ የሐሰት ልደት ምን ያህል ያስከፍል ይሆን?

አሁን ደግሞ ስለ ቡድን አሠራር ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ዕድሜ የሚቀንሱ ሰዎች ቡድንን እንጠቅማለን ይላሉና። ደኅና ቡድን እንደ ደኅና ቤተ ሰብ ነው፤ ታላቅም ታናሽም ያስፈልገዋል። በጥር 1954 ዓ.ም በአዲስ አበባ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደው ቡድናችን፥ ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጠኑት፥ ግብፅን 4 ለ 2 ሲያሸንፍ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር፤ ታናሽ ወንድሙ ኢታሎም ከጐኑ ይጫወት ነበር፤ መንግሥቱ ወርቁም ገና የሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት ነበር። ታላቁ ያረጋጋል፥ ታናሹ ይሮጣል፤ ታላቁ ሲወጣ ታናሹ ቦታውን ይይዛል። አሠልጣኝ ይህን ሚዛን የሚጠብቀው በወረቀት ላይ ያለው ዕድሜ እውነት ሲሆን ነው። አማካይ ዕድሜው 23 ነው የተባለ ቡድን በአጥንቱ 28 ከሆነ፥ አሠልጣኙ ለአራት ዓመት ያቀደው ነገር በሁለት ዓመት ይፈርስበታል። ተተኪ እያለው የመሰለው ሰው ተተኪ የለውም። «ወጣት ቡድን ነው፥ ጊዜ ስጡት» እየተባለ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ጊዜው ሲደርስ ተጫዋቾቹ ያነክሳሉ። እኛም ልጆቻችን በታዳጊነት አፍሪካን ሲያስደንቁ ቈይተው ወዲያው ለምን ይጠፋሉ ብለን እንገረማለን። የጠፋ ሰው የለም፤ ቀድሞውንም ታዳጊ ያልነበረ ሰው አረጀ እንጂ።

ወደ ጻፍሁለት ልጅ ልመለስ። ክለብ ገባ፤ ደሞዝ አገኘ፤ እናቱን ከእንጀራ ንግድ አሳረፈ። ይህን አልክድም፥ ደስም ብሎኝ ነበር። ነገር ግን በወረቀት 26 ሲሆን በእውነት 30 ሆነው። ክለቡ ፊርማ የከፈለው ለ26 ዓመት ሰው ነውና እንደ 26 ዓመት ሰው እንዲሮጥ ይፈለግበታል። ጉልበቱ ሲያብጥ አሞኛል ማለት አልቻለም፤ ገና በዚህ ዕድሜ? ይባላልና። ስለዚህ ከጨዋታ በፊት የሕመም ማስታገሻ መርፌ ይወጋ ጀመር። ወጌሻው ይወጋዋል፥ ይገባል፤ ማታ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። የተቀነሰው ዕድሜ እንዲህ ባለ መንገድ ይመለሳል፤ ቀንሶ የበላውን ጉልበት ከሌላ ቦታ መበደር ግድ ይሆንበታል።

እርሱ የተወጋው መርፌ የተከለከለ አልነበረም። ነገር ግን በተፈቀደውና በተከለከለው መካከል ያለው አጥር ዝቅ ያለ ነው፤ እየዋለ እያደረም ይነቃነቃል። ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወዲህ በውድድር ቀን ተከልክሏል፤ እብጠት የሚያጠፉት የኮርቲዞን ዓይነት መርፌዎችም ከ2022 ወዲህ በውድድር ጊዜ እንዲሁ። ዛሬ ለሕመም የተወጋ ነገ ለድካም ይወጋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ኢ.ፒ.ኦ የሚባለው ነው፤ ደምን የሚያበዛ ንጥረ ነገር፥ ሯጭን የማያደክም፥ ነገር ግን ደሙን አወፍሮ ልቡንና አንጐሉን የሚያሰጋ። በአትሌቲክሳችን ይህ አደጋ ወሬ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ምርመራቸው ደካማ ነው ብሎ ከጠራቸው አምስት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ከዚያም በኋላ የታገዱ አትሌቶች አሉ። በዓለም እግር ኳስም የዲዬጎ ማራዶናን መጨረሻ የማያስታውስ የለም፤ በ33 ዓመቱ፥ እ.ኤ.አ. በ1994፥ ሰውነቱ ሲከዳው ተመልሶ መጣ፥ ድንቅ ግብ አገባ፥ ከናይጄሪያ ጨዋታ በኋላም ኤፌድሪን ተገኝቶበት ከዓለም ዋንጫ ተባረረ። ዕድሜውን የሚያውቅ ሰው እንኳ ዕድሜውን ለመካድ ይህን ካደረገ፥ ዕድሜውን የደበቀ ሰው ምን ያደርግ?

ግን ቈም ልበል። እዚህ ላይ የሚቀድመኝ አንባቢ እንዳለ ዐውቃለሁ፤ «አላልሁም? ሁሉም ተወግተው ነው የሚሮጡት» የሚል። ይህ ሰው ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ጨዋታ ያያል፤ የሚደግፈው ቡድን ሲያሸንፍ ልምምድ ነው ይላል፥ ሲሸነፍ ደግሞ ተቃራኒው መድኃኒት ወስዶ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ መጠርጠርስ ደግ ነው፤ ጥርጣሬን እንደ ፍርድ ማውራት ግን ስም መግደል ነው። በ34 ዓመቱ 90 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው ሁሉ ወንጀለኛ አይደለም፤ መጠጥ ትቶ፥ በጊዜ ተኝቶ፥ ሰውነቱን ጠብቆ የኖረም አለ። ሕጉ ራሱ ከሻይ ቤቱ የበለጠ ትዕግሥት አለው። የተመርማሪው ሽንት በሁለት ጠርሙስ ተከፍሎ ይታሸጋል፤ አንደኛው ቢያስከስሰው ሁለተኛው እንዲከፈት የመጠየቅ መብት አለው። ፈረንሳዊው ፖል ፖግባ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ተመርምሮ ቴስቶስትሮን ተገኘበት፤ በየካቲት 2024 አራት ዓመት ተፈረደበት፤ በጥቅምት ይግባኝ ሰሚው የስፖርት ፍርድ ቤት አውቆ እንዳላደረገው አምኖ ወደ 18 ወር አወረደለት። አራት ዓመትና 18 ወር አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱን ያመጣው ማስረጃን መመርመር ነው። በአገራችን ኳስ ተጫዋቾች ላይም እኔ ማስረጃ የለኝምና ማንንም አልከስም። የማልጠራጠርበት አንድ ነገር አለ፤ ዕድሜ በተዋሸበት ሜዳ ላይ ንጹሑም አይታመንም። የልደት ወረቀቱ ሐሰት መሆኑን ሁሉ የሚያውቅበትን ሰው፥ ሽንቴ ንጹሕ ነው ቢል ማን ይሰማዋል?

ሌላም መጥፎ ነገር አለ። የዓለም ፀረ-አበረታች ቅመሞች ሕግ ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ልዩ ጥበቃ ያደርጋል፤ ልጅ የሚሰጡትን ይውጣልና ቅጣቱን ያቀልለታል። ጐልማሳ በልጅ ወረቀት በዚህ ጥላ ሥር ሲገባ፥ ለሕፃናት የተዘረጋውን ጥላ ይቀድድባቸዋል።

«ድሃ ልጅ ነው» ለሚሉኝ፥ የተሰረቀውስ ልጅ ሀብታም ነበርን? እላለሁ። በሳንሱሲ ሜዳ ላይ ሀብታም አላየሁም። «ሁሉም አገር ያደርገዋል» ለሚሉኝ መልስ አልሰጥም፤ ይህን መልስ ፈተና ሲኮርጁ የያዝኋቸው ተማሪዎች ሁሉ ሰጥተውኛል።

ዋናው ጥፋት ግን የልጁ አይደለም። በ2011 ዓ.ም ክረምት ክለቦችና ፌዴሬሽኑ የተጫዋች ደሞዝ በወር ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር፤ ጣሪያ ያስፈለገው ከዚያ በላይ ይከፈል ስለ ነበረ ነው። የአብዛኞቹ ክለቦች ገንዘብ ደግሞ ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ድርጅት የሚመጣ የሕዝብ ገንዘብ ነው። በጀቱ የአንድ ዓመት ነው፤ ስለዚህ ትዕግሥታቸውም የአንድ ዓመት ነው። ልጅ አሳድጎ ስድስት ዓመት ከመጠበቅ ያለቀለትን መግዛት ይቀላል። የታዳጊዎችን አሠልጣኝ እንኳ የሚመዝኑት ስንት ልጅ አሳደገ ብለው አይደለም፥ ስንት ዋንጫ አመጣ ብለው ነው። ዋንጫ ካላመጣ የሚባረር ሰው ከልጅና ከጐልማሳ ማንን እንደሚመርጥ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ምርመራውም የሚደረገው በአህጉር ውድድር ዋዜማ ነው፤ ጐልማሳው አምስት ዓመት የልጅ ቦታ ከበላ በኋላ። በ13 ዓመቱ፥ ክለብ በር ላይ፥ ከትምህርት ቤት የመጀመሪያ ክፍል መዝገብ ጋር ተመሳክሮ ቢመረመር ወጪው ያነሰ፥ ፍሬውም የበለጠ በሆነ ነበር። የሐሰት ደብዳቤ የፈረመውም መምህር እንደ ማንኛውም የሐሰት ሰነድ ሠሪ ይጠየቅ፤ ይህን ስጽፍ ማንን እንደሚነካ ዐውቃለሁ።

ያዕቆብ ራሱ ከበረከቱ በኋላ ወደ ላባ አገር ሄዶ ስለ ታናሺቱ ልጅ ሰባት ዓመት ተገዛ፤ በሠርጉ ማግስት ሲነጋ ግን የተሰጠችው ታላቂቱ ሆና አገኛት። በልደት ተራ የዋሸው ሰው በልደት ተራ ተታለለ። መምህራችን ይህንንም ቸኵለው አልፈውት ነበር።

ባለፈው ዓመት ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው በሬን አንኳኳ። ያ የጻፍሁለት ልጅ ነው፤ አሁን ያነክሳል፥ የታዳጊዎች አሠልጣኝም ሆኗል። ከኋላው አንድ ጐረምሳ ታኬታውን በማሰሪያው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል። ቡና ተፈላ፤ ስለ ጤና ተጠያየቅን። ከዚያ ነገሩን አወጣው፤ ቀድሞ ባስተማርሁበት ትምህርት ቤት የማውቀው ሰው ካለ ለልጁ አንድ ደብዳቤ እንዳስጽፍለት ነው።

«አላስጽፍም» አልሁት።

«ጋሼ፥ ለእኔ ጽፈውልኝ የለም ወይ?» አለኝ። በድፍረት አልተናገረም፤ በእውነት አልገባውም።

ስለ ባጃጅ ነጂው ነገርሁት። ያን ቀን የተጋጠሙትን፥ ሁለት ጊዜ የወደቀውን፥ ታኬታው ላይ ጨርቅ የነበረውን። አስታወሰው፤ ስሙንም ጠራው። ብዙ ዝም ካለ በኋላ፥ «ጥሩ ተጫዋች ነበር» አለ። ጐረምሳውን ስንት ዓመትህ ነው ብዬ ጠየቅሁት፤ ልጁ ከመመለሱ በፊት የአሠልጣኙን ፊት አየ።

በሳምንቱ ትምህርት ቤቱ ሄጄ መዝገቡ እንዲታይ ጠየቅሁ፤ ልጁ 18 ዓመት ከመንፈቅ ሆኖ ተገኘ፤ እውነተኛው ዕድሜው ተጽፎ ተሰጠው። ከ17 ዓመት በታች ቡድን ሳይገባ ቀረ። እናቱ ጐረቤቴ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን አትመልስም።